የሚታገለው መሪ

ቦንጋ አድጎ ማር የሚጠየፍ ሰው ቢፈለግ እኔ አለሁ። ክዳኑ ሲከፈት፣ ሽታው ገና ሳይደርሰኝ ምራቄ ይወፍራል። ሰው ቤት ሲያቀርቡልኝ «ጨጓራዬን ያመኛል» እላለሁ። ሰበቡን የወረስኩት ከእናቴ ነው። እሷም ማር በቀረበ ቁጥር ጨጓራዋን ያማት ነበር። ልጅ ሳለሁ እውነት መስሎኝ አዝንላት ነበር።

ያኔ እኔ በጣቴ እየዛቅሁ ነበር የምበላው። ከቤታችን ማር አይጠፋም። በቢጫ ጄሪካን፣ በቅል፣ በወተት ዱቄት ጣሳ ይመጣል፤ ሰፈፉ ያልተለየ፣ የሞቱ ንቦች ክንፋቸው እንደተዘረጋ የተጣበቁበት የጫካ ማር። አፌ ውስጥ ንብ ስትገባ በጣቴ አወጣትና ግድግዳው ላይ እለጥፋታለሁ። ከጓዳው በር አጠገብ ያለው ግድግዳ በእኔ ንቦች ነቁጥ በነቁጥ ሆኖ ነበር። ማሩን የሚያመጡት ሰዎች የቦቲያቸውን ጭቃ ደጃፍ ላይ ደጋግመው ይጠርጋሉ፤ ወንበር ሲሰጣቸው ጫፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲወጡ ለአባቴ ጀርባቸውን ላለመስጠት ወደ ኋላ እየተራመዱ ይወጣሉ። ለምን እንደሚያመጡ ለሚጠይቀኝ መልስ ነበረኝ። አባቴ የመኪና እሽቅድምድም ዳኛ ነው፤ እነሱ ደግሞ ያሸነፉት ናቸው።

አባቴ ገብረወልድ፣ መንግሥት መድቦት ከሰሜን ሸዋ የመጣ የቢሮ ሾፌር ነበር። በኋላ ሥራውን ለቆ በአንድ የግል የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ ውስጥ የተግባር አሰልጣኝ ሆነ። ማሰልጠኛው አሁን የለም፤ ቦታው የባጃጅ ጋራዥ ሆኗል። ያኔ ግቢው ውስጥ አንዲት ነጭ የመለማመጃ መኪና ነበረች። ጎማዎቿ ወልቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ካምቢዮዋ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው ይባላል። እኔ ካምቢዮ እንደ እንግዳ የሚመጣ ነገር መስሎኝ፣ መናኸሪያ በሄድኩ ቁጥር ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ አያለሁ። ክረምት አልፎ ክረምት ተተካ፤ ካምቢዮው አልመጣም። የዘበኛው ዶሮ የመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ እንቁላል ታቀፈች።

ከማሰልጠኛው ዝቅ ብሎ የሰላሐዲን ሱቅ ነበር። ከፊት ልብስ ይሸጣል፤ ከመጋረጃው ኋላ ፕሌይስቴሽን ያጫውታል። ታናሽ እህቱ ሁስና የክፍል ጓደኛዬ ስለነበረች፣ ሴት ልጅ በማትደፍረው ክፍል እኔና እሷ እንዳሻን እንገባለን። መስኮት የለውም። የእርጥብ ዝናብ ልብስ፣ የእግርና የፈንዲሻ ዘይት ሽታ ተደባልቆ ግድግዳውን ያልበዋል። ያኔ ለእኔ የደስታ ሽታ ነበር። አሁን ያንን የመሰለ ሽታ መንገድ ላይ ሲገጥመኝ ትንፋሼን ይዤ አልፋለሁ።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት ሰላሐዲን ሁለት የመኪና ጨዋታ መሪ አገኘ። አንዱን ከመርካቶ ገዛው። ሌላውን ጅዳ የሚሠራው የአጎቱ ልጅ ያህያ ላከለት፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚታሰር፣ ሆዱ ውስጥ ሞተር ያለው። ካርቶኑ ላይ «ፎርስ ፊድባክ» የሚል ተጽፏል። ሰላሐዲን አነበበው እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም። አባቴን ጠራው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የመሪ ሰው ነዎት። አንዱን ልሸጥ ነው። የቱን ላስቀር? ይፍረዱልኝ።»

አባቴ በመርካቶው ጀመረ። አንድ ዙር እንኳን ሳይጨርስ ከንፈሩን ጣለ።

«ይሄ ውስጡ ላስቲክ ነው። ስትጠመዝዘው ወደ መሐል ይመልስሃል፤ በቃ። አስፋልት ላይ ብትሆን፣ ሣር ላይ ብትሆን፣ ግንብ ብትገጭ ለእሱ ያው ነው። ይንቀጠቀጣል፤ ግን ኪስህ ውስጥ እንዳለ ስልክ ነው። ስለ መንገዱ ምንም አይነግርህም።»

ወደ ሁለተኛው ተዛወረ። ትንሽ እንደነዳ ያልጠበቅነውን አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጠርዝ ነካሁ» አለ። እውነትም የግራ ጎማው ቀይና ነጩን ጠርዝ እየፈጨ ነበር። «ተመለስኩ። ያዘች። ኩርባ ነው፣ ከብዷል፣ ከብዷል...» የክንዱ ጅማት ተገተረ። «አሁን ለቀቀች። ቀለለኝ።» ያን ጊዜ መኪናዋ ጭራዋን ጥላ ስትንሸራተት ሁላችንም በቴሌቪዥኑ አየን።

እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም።

«ይሄኛው ይታገልሃል» አለው ሰላሐዲንን። «ቢታገልህ ለደግህ ነው። መሪ ሲከብድህ መኪናዋ መሬቱን ይዛለች ማለት ነው። ድንገት ሲቀልልህ ግን ፍራ። ትታህ ሄዳለች።»

«ሲቀልስ ምን ይደረጋል?» አለች ሁስና።

«እግርሽን ከነዳጁ ታነሻለሽ። ፍሬን አትነኪም። መሪውን አትጠመዝዢም። እስኪከብድሽ ትጠብቂያለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም አወጣንላቸው፤ አንዱ ላስቲኩ፣ ሌላው የሚታገለው ተባሉ። ሁስና የሚታገለው ላይ ወንዶቹን ሁሉ በለጠች። የአባቴን ቃል እንደ መዝሙር ይዛው ነበር። መኪናዋ ስትንሸራተት እግሯን ታነሳለች፣ እጇን ታረጋጋለች፣ ትጠብቃለች፣ መሪው ሲከብድ ፈገግ ትላለች።

ዓመታት ቆይቶ፣ በተማርኩበት አገር፣ በቡዳፔስት፣ ጎልማሶች ስለ ጨዋታ መሪ የሚሟገቱበት አንድ የኢንተርኔት ገጽ ውስጥ ገብቼ ቀረሁ። ሞተሩ በቀበቶ የሚያዞረው ይሻላል፣ በጥርስ የሚያዞረው ይሻላል፣ የለም፣ ሞተሩ መሪው ላይ ቀጥታ የተገጠመው ነው እውነቱን የሚናገረው እያሉ ይሰዳደባሉ። ሁሉም የሚፈልጉት አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ የተናገረውን ነበር። ገጹን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ሄድኩና እጄን ታጠብኩ። አባቴ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ያን ቀን ከሱቁ ሲወጣ መጋረጃውን እንደያዘ ዞር አለ።

«ሰላሐዲን፣ ላስቲኩን እንዳትሸጠው። እፈልገዋለሁ።»

በሳምንቱ ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ከዋጫ፣ አንዳንዱ ከማንኪራ፣ አንዳንዱ ከዚያው ከቦንጋ። ሰላሐዲን ሌላ ቴሌቪዥን ጨምሮ ላስቲኩን ለብቻው አሰረው። አባቴ ሰዎቹን ተራ ያስይዛል፤ ከኋላቸው ቆሞ ይመለከታል። አንድ ዙር ከመንገዱ ሳይወጣ የጨረሰውን ትከሻውን መታ አድርጎ «አልፈሃል» ይለዋል። እኔና ሁስና እናጨበጭባለን።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መጫወቻ ነው» አለ ሰላሐዲን አንድ ቀን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውሮፕላን አብራሪ በምን የሚማር ይመስልሃል? በመጀመሪያው ቀን አውሮፕላን ይሰጡታል?»

«እሱስ ልክ ነው። ግን ጥሩው ያኛው ነው ብለው አልነበር? በሚታገለው ለምን አይለማመዱም?»

«ያስደነግጣቸዋል። የደነገጠ ሰው ዙር አይጨርስም። ለእነሱ ላስቲኩ ይበቃል።»

አባቴ ለደካሞች የሚያዝን ሰው መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ። ጠንካራውን ለእኛ ለጎበዞቹ ትቶ ለስላሳውን ለእነሱ ሰጠ።

አባቴ ዳኛ አልነበረም። ላስቲኩ ላይ ያለችው አንዲት ዙር የሰዎቹ ሙሉ የተግባር ሥልጠና ነበረች። ከሌላ ከተማ የሚመጣው መነጽራም ፈታኝ ከአባቴ ጋር ጥሬ ሥጋ በልቶ፣ ከንፈሩ ላይ የቀረውን ጮማ በመዳፉ ጠርጎ፣ ሁሉንም አሳልፎ ይመለሳል። ከመኪናው ኋላ ጄሪካን ሲጫንለት አይቻለሁ። እኔ ነበርኩ በሩን የምይዝላቸው።

ከሰዎቹ ሁሉ የማልረሳው ለገሰን ነው። የማንኪራ ሰው ነበር። ወጣት ሁሉ በማኅበር ተደራጅ በሚባልበት በዚያ ጊዜ፣ እሱና ሚስቱ ዓባይነሽ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የማር ማኅበር አቋቁመው ነበር። መንጃ ፈቃድ ያለው አባል ካላቸው ማኅበሩ አንዲት ፒክአፕ በብድር ሊያገኝ ሆነ። ማሩን በጀርባ ተሸክሞ ጭቃ ለጭቃ መሄድ ሊቀር ነው። ሁሉም ለገሰን መረጡት፤ እጁ አይቸኩልም ብለው።

ለገሰ መሪ ከመያዙ በፊት እጁን ይታጠብ ነበር። እሱ ብቻ ነበር የሚታጠበው። ላስቲኩ በሌሎቹ ላብና ማር ዝልግልግ ብሎ፣ ስትነካው መዳፍህን ይዞ የሚያስቀር ነገር ሆኗል። ለገሰ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አማርኛውን ቀስ ብሎ እየመረጠ ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ የትኛው ነው?»

ከመሪው ሥር ያሉት ፔዳሎች ሁለት ናቸው፤ ነዳጅና ፍሬን።

«ፍሪሲዮኑን በሐሳብህ ርገጠው» አለው አባቴ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ዕንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ለገሰም አብሮን ሳቀ፤ ግን ከዚያ በኋላ ማርሽ መቀየር ያለበት በመሰለው ቁጥር ግራ እግሩ ባዶውን ወለል ሲረግጥ አየሁት። እየሳቁበት ረገጠው። ዙሩን እስኪጨርስ ረገጠው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዓባይነሽ ማር አዝላ ቤታችን መጣች። አባቴ ሳሎን ሬዲዮ ይሰማል። እናቴ አልጣሽ በሩን በሰውነቷ ዘግታ ቆመች፤ ግቢ እንኳን አላለቻትም።

«እትዬ አልጣሽ፣ ይቺን ለጋሼ ብለን ነው።»

«መልሺው እህቴ። ማሩን መልሺና ባልሽን መኪና ላይ ተለማመድ በዪው። ጅማ ይሂድ፣ ከሾፌር ጋር ይዋል። እውነተኛ መኪና ላይ።»

ዓባይነሽ ጄሪካኑን አወረደችና አየችው። «ትንሽ ናት» አለች።

«ማነሱ አይደለም።»

«ዝናቡ ንቡን አስቸግሮት ነው እንጂ ሌላም ቀፎ አለን።»

እናቴ ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች። የሰማሁት መጨረሻውን ብቻ ነው። «...ቢያንስ አንቺ አብረሽው እንዳትሳፈሪ።»

ዓባይነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «ታዲያ ባሌን ማን ይጠብቅልኛል?»

ማሩን አዝላ ተመለሰች። እናቴን አኮረፍኳት። የሰው ስጦታ መመለሷ ሳያንስ የሰው ትዳር ውስጥ ትገባለች። በሳምንቱ ዓባይነሽ የፊተኛውን እጥፍ የሚያህል ጄሪካን ተሸክማ መጣች፤ ላቧ ቀሚሷን ከጀርባዋ ጋር አጣብቆታል። እንግዳ ሲጋብዙት መጀመሪያ እምቢ ማለት ወግ በሆነበት አገር፣ የእናቴን እምቢታ «አነሰ» ከማለት ሌላ በምን ልትተረጉመው ትችል ነበር? እኔም የተረጎምኩት እንደዚያው ነው። ያን ቀን በሩን የከፈተው አባቴ ነበር።

እናቴን ልፍረድባት ልከላከልላት እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ታውቅ ነበር። የምታውቀውን ደጃፍ ላይ በሹክሹክታ ተናገረችና፣ ከዚያ በኋላ እስክትሞት ጨጓራዋን አመማት።

ለገሰ ዙሩን በሚፈተንበት ቀን ከተራው ቀድሞ መጣ። አባቴ ገና አልደረሰም። ላስቲኩን ሌላ ሰው ይዞት ስለነበር ለገሰ እኔና ሁስና ከምንጫወትበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ይመለከት ጀመር።

«ጋሽ ለገሰ፣ ና ይሄን ሞክረው» አለችው ሁስና።

እጁን ሱሪው ላይ አድርቆ ጨበጠው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መሪው ሲጎትተው ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

«ማነው የሚጎትተኝ?»

«መንገዱ ነው» አለች ሁስና። «አትልቀቀው። አትጣላው ደግሞ። ያዘው ብቻ።»

ያዘው። ወጣ፣ ገጨ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ገጨ። ላስቲኩ ላይ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ፊቱን ግን አስታውሰዋለሁ፤ ነገሩ ሊገባው የጀመረ ሰው ፊት ነበር። «እንዲህ ነው እንዴ?» ይላል ለራሱ። «መኪና እንዲህ ነው?» ከዚያ ትልቁ ኩርባ መጣ፤ ጎማው ለቀቀ፤ መሪው እጁ ውስጥ ባዶ ሆነ።

«ምን ሆነ? ቀለለኝ እኮ።»

«አዎ፣ አሁን ስማኝ» አለች ሁስና። «ሲቀልልህ...»

መጋረጃው ተገለጠና አባቴ ገባ።

«ለገሰ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጋሼ፣ በዚህኛው ብማር አይሻልም? ይሄ እውነቱን የሚናገር መሰለኝ።»

አባቴ ሳቅ አለ። «እሱ የልጆች ነው» አለና ክንዱን ይዞ አስነሳው። «ያንተ ያኛው ነው። ና፣ ተራህ ደርሷል።»

ለገሰ ላስቲኩ ላይ ተቀመጠ። ዙሩን ከመንገዱ ሳይወጣ ጨረሰ። «አልፈሃል» አለው አባቴ። እኔ አጨበጨብኩ። ሁስና አላጨበጨበችም፤ ተናዳ ነበር። አዋቂ ስላሸነፈ ቀንታ ነው ብዬ አሾፍኩባት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ማኅበሩ ፒክአፗን አገኘ። ለገሰ ሱቁ ፊት ለፊት ጥሩምባ ነፍቶልን ሲያልፍ ዓባይነሽ አጠገቡ ተቀምጣ በመስኮቱ እጇን አውለበለበችልን። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያቸው። አባቴም ወጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ መለሰ።

ወሬውን ይዞ የመጣው ሀምዛ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ነው። ውጭ እየዘነበ ነበር፤ ክፍሉ በእርጥብ ሰው ተጨናንቋል።

«የማንኪራዎቹ ፒክአፕ ወደ ዋጫ ስትወርድ ጭቃው ላይ ሄደች» አለ። «ገደል ነው የገባችው። ሚስቱ ሞታለች። እሱን ለማውጣት ማሩ ነው ያዳከመን። ጄሪካኑ ሁሉ ፈንድቶ ከወንበሩ ጋር አጣብቆታል። ደሙ የቱ እንደሆነ፣ ማሩ የቱ እንደሆነ አይለይም። ንቡ ደግሞ ገና ሳንደርስ ወሮታል። ስናወጣው ‹ቀለለኝ፣ ቀለለኝ› እያለ ነበር።»

ሁስና አባቴን አየችው። እኔም እሷን ተከትዬ አየሁት። አባቴ ተነስቶ ወደ ላስቲኩ ሄደ፤ ከጠረጴዛው ፈታው። መሐረቡን አውጥቶ ዙሪያውን በጥንቃቄ ጠረገው፤ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው።

«ሰላሐዲን» አለ፣ «ይሄን አሁን ሽጠው።»

ሐዘን መስሎኝ ነበር። የበደለውን መሪ ከቤት እያስወጣ መስሎኝ ነበር። ለዓባይነሽም አላለቀስኩም፤ በጨዋታው መኪና ገደል ሲገባ ቴሌቪዥኑ ለጥቂት ይጨልምና መኪናዋ መንገዱ መሐል ተመልሳ ትቀመጣለች። ለብዙ ጊዜ በሱቁ ባለፈች ፒክአፕ ሁሉ መስኮት ላይ የምታውለበልብ እጅ ፈለግሁ።

ለገሰ ተከሰሰ። አባቴ ለምስክርነት ተጠራ። ከመሄዱ በፊት እናቴ ኮቱን ስትተኩስለት እሱ በካኒቴራ ቆሞ የሚናገረውን ያጠናል። «ጎበዝ ተማሪ ነበር። ያላስተማርኩት ነገር የለም። ሁሉንም ያውቃል» ይላል፤ ድምፁን ከፍ፣ ዝቅ እያደረገ ይሞክረዋል። እናቴ ካውያውን አንድ ቦታ ላይ ብዙ አቆየችው፤ የጨርቅ ቃጠሎ ሸተተን። አባቴ ሰውን በፍርድ ቤት ፊት ሊያመሰግን በመሄዱ ትምህርት ቤት ሄጄ ጉራዬን ነዛሁ።

ጎበዝ ተማሪ ነበር። ለገሰን ያሳሰረው ይህ ምስጋና ነው። ያልተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ማን አሳለፈው ተብሎ በተጠየቀ ነበር። ሁሉንም ተምሮ፣ ሁሉንም አውቆ ገደል የገባ ሰው ግን ጥፋቱ የራሱ ብቻ ነው። ይህን የተረዳሁት በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ ስለ ሌላ ሰው ክስ በማነብበት ቀን ነው። መጽሐፉን ዘጋሁት፤ አፌ ውስጥ የማር ጣዕም ነበር።

ባለፈው ዓመት ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ሰው ሲጠይቀኝ አንድ ቀን አንድ መልስ፣ በሌላው ቀን ሌላ መልስ እሰጣለሁ። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ የሰላሐዲን ሱቅ ፎቅ ሆኗል፤ ሁስና አግብታ ወልቂጤ ነው የምትኖረው። ገበያ ውስጥ ለገሰን አገኘሁት። እያነከሰ ከአንዱ ጄሪካን ወደ ሌላው ይሄዳል። ሳላውቀው ላልፍ ስል ስሜን ጠራኝ።

«ሩሀማ አይደለሽም? የጋሼ ልጅ?» ሁለት እጁን ሰጠኝ። «ጋሼ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ነው። እግሩን ያመዋል።»

«አሳፈርኳቸው» አለ። «ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆመው ጎበዝ ነበር አሉልኝ። ከእስር ከወጣሁ በኋላ እንኳን መጥቼ ዓይናቸውን ለማየት አልደፈርኩም።»

«ጋሽ ለገሰ፣ አባቴ ምንም አላስተማረዎትም። ያ መሪ የሞተ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር።»

አንድ ልጅ አዋቂ ፊት ነውር ሲናገር እንደሚታየው አየኝ፤ ሳይቆጣ። «አስተምረውኛል እንጂ» አለ። የሰጠሁትን እውነት መልሶ በእጄ አስያዘኝ። ከዚያ ዙሪያውን አየ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ የሰላሐዲን እህት፣ ያን ቀን፣ ሲቀልልህ ብላኝ ነበር። ጋሼ ገቡና ተቋረጠ። ጭቃው ላይ ልክ እንደዚያ ሆነብኝ፤ እጄ ውስጥ ባዶ ሆነ። ይቺ ልጅ የሆነ ነገር ልትለኝ ነበር አልኩ። ሲቀልልህ... ምን? ዓባይነሽ አጠገቤ ትጮኻለች፣ እኔ እሱን አስባለሁ። ከዚያ ፍሬኑን ረገጥኩ። እስር ቤት ሆኜም የማስበው እሱን ነው። ምን ልትለኝ ነበር?»

«እግርህን ከነዳጁ አንሳ» አልኩት። «ፍሬን አትንካ። መሪውን አትጠምዝዝ። እስኪከብድህ ጠብቅ።»

ለገሰ ሁለት እጁን አየር ላይ ዘርግቶ የሌለ መሪ ያዘ። ቀኝ እግሩን ከመሬት በትንሹ አነሳ። በገበያው መሐል፣ ሰው እየተጋፋው፣ እንደዚያ ሆኖ ቆመ።

«እስኪከብድ?»

«እስኪከብድ።»

«ብዙ ይቆያል?»

«አይቆይም» አልኩት።

እጁን አወረደ። ጎንበስ ብሎ አንዲት ጣሳ መረጠ፣ አፏን በኮባ ቅጠል ከድኖ አሰረና ሰጠኝ። «ይቺን ለጋሼ።» እምቢ ብል ትልቁን እንደሚያነሳ አውቅ ነበር። ተቀበልኩት።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ቅጠሉን ራሱ ፈታው፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

«የማንኪራ ነው» አለ። «ማን ሰጠሽ?»

«ለገሰ።»

ጣቱ ጣሳው አፍ ላይ ቆመ። «ምን አለ?»

«ሲቀልል ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቀኝ።»

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ጥሩ» አለ አባቴ፤ ጣቱን እንደገና ነክሮ ላሰ። አንድ ነገር አፉ ውስጥ ገብቶበት ፊቱን ኮሶ አስመሰለ። የሞተች ንብ ከምላሱ አውጥቶ፣ አየት አደረጋትና፣ ዞር ሳይል ከኋላው ያለው ግድግዳ ላይ ለጠፋት።